ራጅ ላይ የማይታየው ሕመም

ትከሻ፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ክንድ። ሕመሙ ቦታ እየቀያየረ ወራት ያስቆጥራል፤ ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ሰው ጠዋት ደክሞት ይነሳል። የደም ምርመራው ደህና ነው፤ ራጁም ምንም አያሳይም። ከዚያ አንዱ «ብርድ ነው» ይላል፣ ሌላው «ጭንቀት ነው»፣ ደፋሩ ደግሞ «ምንም የለብሽም»። ይህ ሕመም ፋይብሮማያልጂያ ይባላል፤ ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ የመጨረሻውን ደጋግመው ይሰሙታል።

የለም ማለት ግን ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት 16 ሕሙማንና 16 ጤነኞች ኤምአርአይ ውስጥ ተኝተው የአውራ ጣታቸው ጥፍር በመሣሪያ ይጫን ነበር። ሕሙማኑ ጤነኞቹን ለማሳመም ካስፈለገው ግፊት ከግማሽ ትንሽ ከፍ በሚለው ብቻ የእነርሱን ያህል ታመሙ። አንጎላቸውም እንደዚያው መሰከረ፤ በዚያ ቀላል ግፊት ሕመምን የሚያስተናግዱት ክፍሎች ነቁ። ጣቱ አልቆሰለም፤ ያመመውም ሰው አልዋሸም።

ስለዚህ ዋናው ጉድለት የሚፈለገው ጡንቻው ላይ ሳይሆን የሕመም መልእክት በሚያልፍበት መስመር ላይ ነው። መልእክቱን የሚያጎላው ሰብስታንስ ፒ የተባለ ኬሚካል በሕሙማኑ የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ በዝቶ ተገኝቷል። ከአንጎል ወደ ታች ወርዶ ሕመሙን የሚያረግበው ሥርዓት ደግሞ ይዳከማል።

ምን ይቀሰቅሰዋል? በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል፤ ከአደጋ፣ ከኢንፌክሽን ወይም ከረጅም ጭንቀት በኋላ የሚጀምርም አለ። እንቅልፍን ግን ማንም አቅልሎ ባያየው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካናዳ ውስጥ ጤነኛ ሰዎች ጥልቅ እንቅልፋቸው በድምፅ እየተረበሸ ሲያድሩ ሰውነታቸው ይታመም ጀመር።

ነገሩ ሁሉ አንጎል ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም። በርካታ ሕሙማን ቆዳ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ነርቮች ሳስተው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የእንግሊዝና የስዊድን ተመራማሪዎች ከሕሙማን የወሰዱትን ፀረ እንግዳ አካል አይጦች ላይ ቢወጉ፣ አይጦቹ ለግፊትና ለቅዝቃዜ ስስ ሆኑ። ሰው ላይ ገና ብዙ ይቀራል፤ በእኔ ግምት ግን ተስፋ ሰጪው በር ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ሕመም ከሦስት ወር ካለፈ፣ ታይሮይድና የመገጣጠሚያ ብግነት እንዲመረመር ሐኪምዎን ይጠይቁ። ፋይብሮማያልጂያ ከሆነ፣ እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ካሉ ማስታገሻዎች ይልቅ ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨምር እንቅስቃሴ የተሻለ ማስረጃ አለው።