የሞተር ሳይክል አየር ማጣሪያ አጠባበቅ

በኮረኮንችና በአቧራማ መንገድ ዕቃ የሚያመላልስ ሞተር ሳይክል ዕድሜው በእጅጉ የሚወሰነው መካኒኮች ፊልትሮ በሚሉት በአየር ማጣሪያው ነው። ሳይጣራ የገባ አቧራ ከሞተሩ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲሊንደሩንና የፒስተኑን ፋሻ ይፍቃል፤ ኀይሉ ይደክማል፤ ጢሱም ይበዛል። ያን ጊዜ በማጣሪያ ጥቂት ብር የቆጠበው ነጋዴ ለሞተር እድሳት ብዙ ይከፍላል።

ከስፖንጅ የተሠራው ማጣሪያ በላምባ፣ ቀጥሎም በሳሙና ውሃ ይታጠባል። በመዳፍ ይጨመቃል እንጂ አይጠመዘዝም፤ መጠምዘዝ ይቀድደዋልና። ቤንዚን ግን ሙጫውን ስለሚያላቅቅና እሳት ስለሚያስነሣ ሊነካው አይገባም። በጥላ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ለማጣሪያ በተዘጋጀ ዘይት ይነከርና ትርፉ ተጨምቆ ይወጣል። ዘይት ያልጠጣ ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ አያስቀርም፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። የወረቀቱ ማጣሪያ አይታጠብም፤ ሲቆሽሽ ይለወጣል።

ሲነኩት የሚፈረፈር ወይም ሙጫው የለቀቀ ስፖንጅ ማጠብ ከንቱ ድካም ነው። መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴዎችም የሞተር ሳይክሉን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት ሳያረጋግጡ በመልክ ብቻ ባያዝዙ ይበጃል። ጠርዙ ከመቀመጫው ጋር ያልገጠመ አዲስ ማጣሪያ አቧራውን በዳር በኩል ስለሚያስገባ ከአሮጌው አይሻልም። ባለ ሱቁም ማጣሪያውን ከነዘይቱ ቢያቀርብ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል።