የጥብስ ቅጠል በብዛት የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በውኃ ነው

የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) በጓሮ ጥቂት እግር ተተክሎ ከቤት ፍጆታ አልፎ ለሥጋ ቤቶችና ለሆቴሎች በእስር የሚሸጥ ቅመም ነው። አንዴ ከጸደቀ ለዓመታት እየተቆረጠ ገቢ ያስገኛል። ይሁን እንጂ በበጋ ለምልሞ የከረመው ቁጥቋጦ በክረምት ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ይታያል። በመስኖም ቢሆን ከጎመንና ከሰላጣ ጋር እኩል የሚጠጣው ብዙ አይቆይም።

የተክሉ መነሻ የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ደረቅና ድንጋያማ ተዳፋት ነው። ውኃ በሚቋጥር ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ውኃ መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል። ስለዚህ ከማጠጣት በፊት አፈሩን ጫር አድርጎ ማየት ይገባል። ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ችግሩ የውኃ ብዛት ነው። ሥሩ ጠቁሮ ከላሸቀ ተክሉን ማዳን ያስቸግራል።

መፍትሔው ከተከላ በፊት ይጀምራል። ፀሐይ የሚያገኝ ተዳፋት ቦታ መምረጥ፣ ሜዳ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ማፋሰሻ ቦይ ማውጣት፣ ከባዱን አፈር ከአሸዋና ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር መቀላቀል ያስፈልጋል። ፍግና ማዳበሪያ ማብዛት ግን ልምላሜ እንጂ ጥሩ መዓዛ አይሰጥም።

አቆራረጥም ጥንቃቄ ይሻል። ቅጠል አልባ እስከሆነው አሮጌ ግንድ ድረስ የተቆረጠ ቅርንጫፍ መልሶ ላያቆጠቁጥ ስለሚችል፣ በአንድ ጊዜ ከለጋው ክፍል ከሲሶ በላይ አለመውሰድ ይመረጣል። ተጠጋግቶ የተተከለ ደግሞ አየር ስለማያገኝ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ሻጋታ ይወጣበታል።

የሞተውን ለመተካት ከጤናማ ተክል ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ጥላ ሥር ማባዛት ይቻላል።

ችግኝ ለሚያከፋፍሉ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ጉዳዩ ሥራ ያስከትላል። ችግኙ ከመሰጠቱ በፊት የተረካቢውን ጓሮ አፈር ማየት፣ ከክረምቱ በኋላም ተመልሶ የጸደቀውን መቁጠር ያስፈልጋል። በሪፖርት ላይ የተከፋፈለው ብቻ ከሰፈረ፣ መረሬ ላይ የሞተው ችግኝ ኪሳራ በአርሶ አደሩ ላይ ይቀራል። ማፋሰሻ ቦዩም ዝናቡ ሳይጠነክር በግንቦት ቢቆፈር ይመረጣል።