የሁለተኛው ሸክላ ዕጣ

ከማንቸስተር የተነሣው «ስቶን ሮዝስ» የተባለው ባንድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ ዛሬም ይወደሳል። ሁለተኛው ግን ቢነሣም ለወቀሳ ነው። ይህ ፍርድ ሚዛኑን የሳተ ይመስለናል።

በሁለቱ መካከል አምስት ዓመት ተኩል አለፈ። ከአሳታሚው ጋር የገቡት ውል እንደ እግር ብረት ያሰራቸው ነበርና ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1991 ዳኛው ነፃ አወጣቸው። ጌፈን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተቀበላቸው። «ሴከንድ ከሚንግ» በ1994 መጨረሻ ሲወጣ ግን የዚያችው ከተማ ልጆች ኦኤሲስ ቀድመው ጆሮውን ሁሉ ይዘውታል። አድማጩ የጠበቀው የቀድሞውን ለስላሳ ዜማ ሲሆን፣ ያገኘው የጆን ስኳየርን ከባድ ጊታር ነው። የመክፈቻው ዘፈን ከ11 ደቂቃ ይበልጣል፤ ድምፃዊው አፉን እስኪከፍት አራት ደቂቃ ያህል ውሃ ሲፈስና ጊታር ሲያጉረመርም ይሰማል። (ትዕግሥት አጥቶ መርፌውን ያነሣውን ሰው አንፈርድበትም።)

የሚገርመው፣ ይኸው የተናቀው ሸክላ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 4ኛ ሲደርስ፣ የተወደሰው በመጀመሪያ ዘመኑ ከ19ኛ አላለፈም ነበር። እንግዲህ የጐደለው ገዢ ሳይሆን ደግሞ የሚሰማ ነው።

ከበሮ መቺው ሬኒ በ1995፣ ስኳየር በ1996 ለቀቁ፤ ባንዱም በዚያው ዓመት ፈረሰ። መስማት የሚሻ ከ«ቴን ስቶሪ ላቭ ሶንግ» ይነሣ፤ ረጅሙን መክፈቻ ኋላ ይመለስበታል።