የአምቡላንስ ብዛትና ዝግጁነት፦ በሒሳብ ስሌት የቀረበ ማብራሪያ

በጉለሌ፣ ጳውሎስ በተባለው ሠፈር የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከቅርብም ከሩቅም በሽተኞች የሚመጡበት ተቋም ነው። በሥሩ ያለው አቤት ሆስፒታልም በተለይ ለአደጋ፣ ለቃጠሎና ለድንገተኛ ሕክምና የተቋቋመ ነው። ለእንዲህ ያለው አካባቢ ዕቅድ ሲወጣ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት አምቡላንስ አለ?» የሚል ነው። ይሁን እንጂ በሽተኛውን የሚያደርሰው በመዝገብ የሰፈረው ቁጥር ሳይሆን፣ ጥሪው በደረሰበት ደቂቃ ሥራ ያልያዘ አምቡላንስ መገኘቱ ነው።

አንድ አምቡላንስ ጥሪ ከተቀበለበት ጊዜ አንሥቶ በሽተኛውን አስረክቦ እስኪመለስ ድረስ ለሌላ ጥሪ አይገኝም። ይህን ሁኔታ ለማስላት የሚረዳውን ቀመር ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው ለስልክ መሥመሮች ነበር። መሥመሩ ሁሉ ሲያዝበት ደዋዩ ስልኩን እንደሚዘጋ፣ አምቡላንስ ያጣ ቤተሰብም በሽተኛውን በታክሲ ይዞ ይሄዳል፤ ስለሆነም ቀመሩ ለሁለቱም ያገለግላል።

ለምሳሌ ያህል፣ በሰዓት በአማካይ 1 ጥሪ ቢመጣና እያንዳንዱ ጥሪ አምቡላንሱን በአማካይ ለ1 ሰዓት ቢይዝ፣ የሥራው ጫና 1 × 1 = 1 ይሆናል። በዚህ ጫና 0፣ 1፣ 2 ወይም 3 አምቡላንስ በሥራ ላይ የሚሆንበት ዕድል እንደ 1፣ 1፣ 1/2 እና 1/6 ይመጣጠናል። ያሉት አምቡላንሶች 2 ከሆኑ፣ ሁለቱም የሚያዙበት ዕድል 1/2 ለ(1 + 1 + 1/2) ተካፍሎ 1/5 ነው፤ ከአምስት ጥሪ አንዱ ምላሽ ያጣል ማለት ነው። ሦስተኛ አምቡላንስ ቢጨመር ዕድሉ ወደ 1/16 ይወርዳል።

አሁን ደግሞ የሰዓቱ እኩሌታ በሆስፒታል በር ላይ አልጋና ተረካቢ በመጠበቅ የሚያልፍ ነው እንበል። ይህ መጠበቅ ቢቀር ጫናው 1/2 ይሆናል፤ ያለ ምንም አዲስ ግዢ፣ ሁለቱም አምቡላንሶች የሚያዙበት ዕድል 1/8 ለ(1 + 1/2 + 1/8) ተካፍሎ 1/13 ይሆናል። ይህም ሦስተኛ አምቡላንስ ከመግዛት ከሚገኘው ውጤት ብዙም አያንስም።

እርግጥ ጥሪ ቀኑን ሙሉ እኩል አይመጣም፤ በመንገድ መጨናነቅና በዝናብ ሰዓት ጫናው ስለሚጨምር፣ ስሌቱ በየሰዓቱ ለየብቻ መሠራት ይኖርበታል። ለዚህም ዕቅድ አውጪው የመኪናውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የተነሣበትን፣ የደረሰበትን፣ ያስረከበበትንና የተመለሰበትን ደቂቃ መመዝገብ ይገባዋል። መምህሩም ይህንኑ ስሌት በክፍል ቢያሠራ፣ ተማሪው ክፍልፋይ ከሰው ሕይወት ጋር ያለውን ግንኙነት ይረዳል።