ላፕቶፕን በአማርኛ ማወዳደር፦ ስለ «ፍጥነት»፣ ስለ «ኮር» እና ስለ «ኃይል»

እንደሚታወቀው ሙያዊ ቃል የሚጸናው ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ስያሜ፣ ለአንድ ስያሜም አንድ ጽንሰ ሐሳብ ሲደላደል ነው። ይህ ደንብ ሲጓደል ጉዳቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ተወስኖ አይቀርም። በአሶሳ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ለመግዛት ጨረታ ቢያወጣ፣ የዕቃው ዝርዝርም ወደ አማርኛ ሲመለስ ጥቂት ቃላት ቢደበላለቁ፣ ገንዘቡ ላልተፈለገ ዕቃ ይወጣል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ቃላት ከዚሁ አንጻር የተመረመሩ ናቸው።

በመጀመሪያ የክፍሉን ስም እንመልከት። በአንዳንድ ጽሑፎች የሚገኘው «አንጎለ ኮምፒዩተር» እንደ «ቤተ መጻሕፍት» በግእዙ የዘርፍ ስልት የተዋቀረ ነው። ቅርጹ ያማረ ቢሆንም አንጎል የሚያስብም የሚያስታውስም በመሆኑ፣ ራሱን የቻለ ሌላ ክፍል የሆነውን ማስታወሻ አብሮ የያዘ ያስመስላል። ስለዚህ በጨረታና በንግድ ጽሑፍ የተለመደውን «ፕሮሰሰር» መያዙ ይሻላል።

ሁለተኛው «ፍጥነት» ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኢንቴል «ኮር አይ7-10510ዩ» ከፍተኛ ምቱ 4.9 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ በ2020 የወጣው የኤኤምዲ «ራይዘን 7 4700ዩ» ግን 4.1 ነው። ቁጥሩን «ፍጥነት» ብሎ የተረጐመ ሰው የመጀመሪያውን ያለ ጥርጥር አስበልጦታል። ዳሩ ግን ጊጋኸርዝ የሚለካው በሰከንድ ውስጥ ስንት ቢሊዮን ምት እንደሚመታ ነው እንጂ በእያንዳንዱ ምት የሚከናወነውን ሥራ አይደለም። ከዚህም በላይ ከፍተኛው ምት ሙቀቱ እስከ ፈቀደ ድረስ ብቻ የሚዘልቅ ነው፤ የሁለቱ መነሻ ምት 1.8 እና 2.0 ጊጋኸርዝ ነው። በመሆኑም «የምት ድግግሞሽ» ማለት፣ «መነሻ» እና «ከፍተኛ» ብሎም መለየት ተገቢ ነው።

ሦስተኛው «ኮር» ነው። ከላይ የተጠቀሰው የኢንቴል ፕሮሰሰር 4 ኮር ሲኖረው፣ የኤኤምዲው 8 አለው። ነገር ግን በኢንቴሉ እያንዳንዱ ኮር ሁለት የሥራ ክር ስለሚያስተናግድ በሁለቱም ዝርዝር ላይ «8 ክር» የሚል ይገኛል። «ክር»ንና «ኮር»ን በአንድ ቃል የመለሰ ተርጓሚ የተለያዩትን ሁለት ዕቃዎች አንድ አደረጋቸው ማለት ነው። በዚህ ላይ «ኮር» የኢንቴል የንግድ ስምም ነው፤ «ኮር አይ7» ማለት ባለ ሰባት ኮር ማለት አይደለም። «እምብርት» የሚለው አማራጭ ቢታሰብም፣ እምብርት በተፈጥሮው አንድ ብቻ ስለሆነ «ባለ 8 እምብርት» ለጆሮ ይጐረብጣል። ስለዚህ «ኮር»ን ከነውሰቱ ይዞ የንግድ ስሙን በትእምርተ ጥቅስ መለየት ይበጃል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው «ኃይል» ነው። ቃሉ በዕለታዊ ንግግር በዋት የሚለካውንም በዋት-ሰዓት የሚለካውንም ይሸፍናል። ልዩነቱን ለማስረዳት ከዚያው ክልል፣ ከመተከል ዞን ከጉባ ወረዳ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች አሉት። የ11ዱ አቅም እያንዳንዳቸው 400፣ የ2ቱ 375 ሜጋዋት ሲሆን በድምሩ 5,150 ሜጋዋት ይሆናል። ይህ አቅም ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ 45,114 ጊጋዋት-ሰዓት በሰጠ ነበር፤ በዓመት ይገኛል ተብሎ የታቀደው ግን 15,760 ገደማ፣ ማለትም 35 ከመቶው ያህል ነው። ውሃው ሁሉንም ተርባይኖች ዘወትር በሙሉ አቅማቸው ስለማያሽከረክር፣ የመጀመሪያው ቁጥር ጣሪያውን ሲያመለክት ሁለተኛው የዓመቱን ምርት ያመለክታል።

በላፕቶፕም እንዲሁ ነው። ከላይ የተነሡት ሁለቱ ፕሮሰሰሮች 15 ዋት የሚል ምልክት አላቸው፤ ይህም አምራቹ ለማቀዝቀዣው ሥራ መነሻ ያደረገው የሙቀት መጠን እንጂ የፍጆታ ጣሪያ አይደለም። ባትሪው 50 ዋት-ሰዓት ቢይዝና ጠቅላላው ላፕቶፕ በአማካይ 10 ዋት ቢፈጅ 5 ሰዓት ያሠራል። ሁለቱንም «ኃይል» ያለ ጽሑፍ ገዥውን ይህን ቀላል ስሌት ይነሣዋል።

ስለሆነም የሚከተሉት ፍችዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ሀ) የምት ድግግሞሽ፦ በሰከንድ የሚመታ የምት ብዛት፤ መለኪያው ኸርዝ።
ለ) ኮር፦ ትእዛዝን ለብቻው ማከናወን የሚችል የፕሮሰሰር ክፍል።
ሐ) የሥራ ክር፦ አንድ ኮር ተራ በተራ ወይም ጎን ለጎን የሚያስኬደው የትእዛዝ ሰልፍ።
መ) ኃይል፦ ጉልበት በጊዜ ሲካፈል የሚገኝ መጠን፤ መለኪያው ዋት።
ሠ) ጉልበት፦ የሚከማች ወይም የሚፈጅ ሥራ የመሥራት ችሎታ፤ በባትሪና በግድብ መለኪያው ዋት-ሰዓት።

ተርጓሚው ስለ ቃሉ ቢያመነታ እንኳ መለኪያውን ከቁጥሩ ፈጽሞ አይለይ። ስሙ ቢሳት መለኪያው አንባቢውን ይመልሰዋል፤ መለኪያው ከጠፋ ግን ስሙን የሚያርመው ነገር የለም።