ወረርሽኝን በቴሌፎን ስለ መከታተል

ወረርሽኝ በሰው ኑሮ ላይ ያደረሰውን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፥ ስለ 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ እንደ ተደረገው፥ ነገሩ ካለፈ በኋላ ሕዝቡ የሚያስታውሰውን መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው የተመረጡትን ቤተ ሰቦች በበሽታው ጊዜ እየደጋገሙ መጠየቅ ነው፤ ያው ቤተ ሰብ ትናንት የተናገረው ዛሬ ከሚናገረው ጋራ ስለሚነጻጸር ለውጡ ራሱ ይታያል።

ኮቪድ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ፥ የዓለም ባንክ ይህን ሁለተኛ መንገድ በሚያዝያ ወር ጀመረ። ናሙናውን በ2011 ዓ.ም. ከተጠኑት ቤተ ሰቦች መካከል የቴሌፎን ቍጥር ከሰጡት አወጣ፤ በመጀመሪያው ዙር 3,249 ቤተ ሰቦች ስለ ሥራቸው፥ ስለ ገቢያቸውና ስለ ምግባቸው መለሱ። ነገር ግን ቴሌፎን የሚያገኙት በከተማ ከመቶ ከ90 በላይ ሲሆኑ፥ በገጠር 40 ያህል ብቻ ነበሩ።

አጥኚዎቹ ይህን ጕድለት በሒሳብ ለማቃናት ሞክረዋል። ሒሳቡ ግን ቴሌፎን ያለው ገበሬ ስለ ሌለው ይመሰክራል ከሚል ግምት የተነሣ ነው። በዋግ ኽምራ፥ ከሰቆጣ ርቃ በኒሯቅ አካባቢ የምትኖር፥ ኽምጣና ብቻ የምትናገር ባልቴት ችግር ቴሌፎን በያዘ ነጋዴ አፍ አይነገርም። በሰሜኑ ጦርነት እንደ ታየውም፥ መሥመሩ ሲቋረጥ ባለ ቴሌፎኑም ከጥናቱ ይወጣል።

ስለዚህ የቴሌፎን ጥናት ፈጣን ነው እንጂ ሙሉ አይደለም። ያልተደወለላቸውን በእግር ሄዶ መጠየቅ፥ ቃላቸውንም ከአኃዙ ጎን ማኖር የኢትኖሎጂ ተማሪ ድርሻ ነው። አለዚያ በችግር ዓመት እህሉ የሚደለደለው ድምፃቸው ለተሰማ ብቻ ይሆናል።