ሁለት ኢንቨርተር በአንድ ቤት፦ ብሬከር የማያየው ፍሰት

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ወሎ ከተሞች በጦርነቱ ሳቢያ ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ መቆየታቸው ይታወሳል። ስለሆነም ፀሐይ በማይታጣበት በቆቦና በራያ ቆላ ሰው ከጣሪያው ላይ ኃይል ለማመንጨት ቢነሣ አያስገርምም። ነገር ግን የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። ማቀዝቀዣና የውኃ ፓምፕ ሲታከሉበት ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር አይበቃም። ሁለተኛ ይጨመርና ሁለቱ በትይዩ ማለትም ባለሙያዎች ፓራለል በሚሉት ዘዴ ይያያዛሉ። ለዚህ ዘዴ የተሠሩና በመገናኛ ገመድ የሚናበቡ መሆን አለባቸው። ይህ ተሟልቶም አደጋው ከመጋጠሚያቸው ላይ ሊደበቅ ይችላል።

ብዙ ሰው ብሬከርን ቤቱን በሙሉ የሚጠብቅ ዘበኛ አድርጎ ይመለከተዋል። በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ግን ብሬከር የሚያውቀው በራሱ ውስጥ የሚያልፈውን ፍሰት ብቻ ነው። ተቀዳሚ ተግባሩም የተገጠመበት ሽቦ ከመጠን በላይ እንዳይግል መከላከል ነው።

በቁጥር እንየው። 5000 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 23 አምፔር ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ ኢንቨርተር በየራሱ ባለ 32 አምፔር ብሬከርና ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ቢወጣ ተገቢ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኪርሾፍ በ1845 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው ግን ወደ መጋጠሚያ የገባ ፍሰት ሁሉ ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ ከመጋጠሚያው እስከ ቤቱ ማከፋፈያ ሣጥን በተዘረጋው የጋራ ሽቦ 45 አምፔር ያልፋል። ይህም ሽቦ ባለ 6 ከሆነ ከዐቅሙ በላይ ይሸከማል፤ ሁለቱ ብሬከሮች ግን እያንዳንዳቸው 23 አምፔር ብቻ ስለሚያልፍባቸው አይቆርጡም። የሽቦው ልባስ እየጋለ ይሄዳል፤ መጨረሻው እሳት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው የጋራውን መስመር ባለ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ መዘርጋትና በመነሻው ላይ ባለ 63 አምፔር ብሬከር መግጠም ነው።

የቆላው ሙቀትም በስሌቱ ይገባል። የሽቦ ዐቅም በሠንጠረዥ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በ40 ዲግሪ ተራ የፕላስቲክ ልባስ ያለው ሽቦ ከዐቅሙ 13 በመቶ ያህል ያጣል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

በባትሪው በኩል ጉዳዩ ይከብዳል። ያው 5000 ዋት በ48 ቮልት ከ100 አምፔር በላይ ይጠይቃል። የቤታችን ተለዋዋጭ ፍሰት በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚደርስ በብሬከር ውስጥ የሚፈጠረው የእሳት ብልጭታ በቀላሉ ይጠፋል። የባትሪው ቀጥተኛ ፍሰት ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። ስለዚህ ለቀጥተኛ ፍሰት የተሠራ ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ፣ ለእያንዳንዱ ኢንቨርተር ለየብቻ መግባት አለበት።

በመጨረሻም ኢንቨርተሮቹና የመንግሥት መስመር በቼንጅ ኦቨር ካልተለያዩ የቤቱ ኃይል ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። የሠፈሩ ትራንስፎርመር 220ውን ቮልት መልሶ ወደ 15 ሺህ ሊያሳድገው ስለሚችል፣ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ አንባቢ ሥራውን ከመረከቡ በፊት ባለሙያውን በእያንዳንዱ ሽቦ ፊት አቁሞ ይጠይቅ፦ በዚህ ሽቦ የሚያልፈውን ፍሰት በሙሉ የሚያየው ብሬከር የትኛው ነው?